ማንም ያልጠየቀኝ ዓረፍተ ነገር

በዚያ ቀን ከሚሴ ላይ፣ በዳኛው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰባት ነበርን። ዳኛው፤ የሟች ባለቤቴ ታላቅ እህት ፋጡማ፤ ባሏ አህመድ፣ የጨፋ ገበሬ፤ ለምስክርነት የመጡት ታላቅ ወንድሜ ይማምና ጎረቤቴ ሰይድ፤ በፋጡማ ጀርባ ላይ ታዝላ የተኛችው ልጄ መሪማ፤ ሰባተኛው እኔ። የነበሩትን የምዘረዝረው፣ ሁሉም ያደረግሁትን አይተው ሳለ ለምን እንዳደረግሁት ግን አንዳቸውም ስላላወቁ ነው። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለወንድሜ አልነገርሁትም። ግንባሬን ለሱጁድ ደፍቼ፣ ከአላህ በቀር የሚሰማኝ በሌለበት ሰዓት እንኳ ከአፌ አላወጣሁትም።

ማን እንደሆንሁ አስቀድሜ ልናገር፤ በዚህ ዕድሜዬ የውሸት ትሕትና አልጀምርም። አርባ ዓመት ኪታብ አስቀርቻለሁ። የተካንሁበት ዕውቀት ፈራኢድ ነው፤ ሟች የተወውን ለወራሾች በትክክል የማካፈል ዕውቀት። ከሰንበቴ እስከ ከሚሴ፣ ውርስ ያጣላቸው ወንድማማቾች ደጄን ያንኳኳሉ፤ ታርቀው ይወጣሉ። በአማርኛም በዐረብኛም የጻፍሁት ውል ቀዳዳ ተገኝቶበት አያውቅም። በዚህ እኮራ ነበር፤ ዛሬም እኮራለሁ። ልጄን የሰጠሁበትን ወረቀትም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ቀዳዳ አልነበረውም።

ባለቤቴ ዘይነባ፣ አላህ ይዘንላትና፣ መሪማን በወለደች በአራተኛ ወሯ ሞተች። ያን ጊዜ ፋጡማ ልጅ ታጠባ ስለነበር መሪማንም ወስዳ አጠባቻት፤ በሸሪዓችን ጡት ያጠባች እናት ናት። ልጅቱ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ወደ ቤቴ መለስኋት። ሁለት ወር ያህል አብረን ኖርን። በቀኝ እጄ ኪታብ፣ በግራ እጄ እሷን ይዤ አስተማርሁ። ደክሞኝ ነበርን? ደክሞኛል። ግን ከድካም የተነሣ ሰጠኋት ብል እዋሻለሁ፤ ሰው ሁሉ ሲለው የኖረውን ውሸት እደግማለሁ።

እውነቱ ይህ ነው። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት መሪማ ታለቅሳለች፤ ከደረሶቼ፣ ማለት ከተማሪዎቼ፣ አሥራ አምስት የሚሆኑት ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አባበልሁ፣ ተነሥቼ ተንጎራደድሁ፣ ቁርኣን ቀራሁባት፤ እምቢ አለች። ፋጡማ ከጨፋ ወተት ይዛ ገባች። ጣሳውን አስቀምጣ ልጅቱን ከእጄ ተቀበለች፤ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅላ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማን ነካሽ?» አለቻት። በዚያው ቅጽበት ልቅሶው ቆመ። ፋጡማ ወደ እኔ ዞራ ሳቀች።

«ሸኹ! ልጅ እኮ ኪታብ አይደለችም። እያገላበጡ አይቀሯትም!»

ደረሶቹ ሳቁ። እኔም ፈገግ አልሁ። ውስጤ ግን የሆነውን እኔ አውቃለሁ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም በደረሶቼ ፊት ስቆብኝ አያውቅም ነበር። ቀጥላ በጎ ቃል ተናገረች፤ «ትምህርት ቤት እስክትገባ ከእኔ ጋር ትሁን፣ ከዚያ ይወስዷታል፤ የእርስዎው ናት» አለች። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ይህን አስምሬበት እጽፈዋለሁ፤ ፋጡማ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

እኔ ግን በማግስቱ ብዕር አነሣሁ። «ለጊዜው ያዥልኝ» ብሎ መስጠት ልመና መሰለኝ። የሚለምን ሰው መባል አልፈለግሁም፤ የሚሰጥ ሰው መባል ፈለግሁ። ስለዚህ በጉዲፈቻ ሰጠኋት። በአባትነት ያለኝን መብት ሁሉ በገዛ ፈቃዴ ተውሁ ብዬ ጻፍሁ፤ በመጨረሻም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርሁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በስሜ አትጠራ፤ አባቷ ማን እንደሆነም አይነገራት።»

ዳኛው ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡ። እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሸኽ፣ ይህችኛዋ አታስፈልግም። ሕጉ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደችበት ቤት ያላትን ዝምድና አይቆርጥም። ልሰርዛት?»

«ትቆይ» አልሁ።

«በነጻ ፈቃድዎ ነው?»

«በነጻ ፈቃዴ ነው።»

ፋጡማ ደንግጣ «ይኼን ደግሞ ማን አለ?» ብላ ባሏን አየችው። አህመድ መሬት መሬት ያያል። ወንድሜ ይማም ክንዴን ያዘኝ፤ አስለቀቅሁት። ፈረምሁ። መሪማ አልነቃችም።

የመንግሥት ሕግ ያልቆረጠውን ማን ቆረጠው? እኔ። የምቀራው ኪታብ ልጅን በወለዳት አባቷ ስም ጥሩ ሲል፣ ማን በሌላ ስም አስጠራት? እኔ። ባላውቅ ኖሮ ጥፋቱ የመሃይም ጥፋት ይሆን ነበር። በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ተራው የዘር ምዕራፍ ነበርና፣ የልጅን የዘር ስም መለወጥ ክልክል መሆኑን ለደረሶቼ አስረድቻለሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከመካከላቸው አንዱ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ በሚገባ መለስሁለት።

ከዚያ በኋላ አገሩ አመሰገነኝ። «ለልጁ ብሎ ሆዱን ያሰረ አባት» አሉኝ። ምስጋናውን አልተከላከልሁም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ጥሩ ካባ ለበስሁት።

መሪማ የአህመድ ልጅ ተብላ አደገች፤ አገሩም ቃሌን አክብሮ ከእሷ ሸሸገ። እኔ በበዓል የምታያቸው ሸኽ ነበርሁ። ስትዳር ኒካሑን እንዳስር የተጠራሁትም እኔ ነኝ። አህመድ በአባት ቦታ ተቀመጠ። በተማርሁት መዝሀብ፣ በምከተለው የሸሪዓ መንገድ፣ ግን ሴት ልጅን የሚድራት የወለዳት አባቷ ነው፤ ያሳደጋት ሰው ሊድራት የሚችለው አባቷ ሲወክለው ብቻ ነው። ዝም ብል ኒካሑ ይበላሻል፤ ብናገር ምስጢሩ ይወጣል። ምን አደረግሁ? ወደ አህመድ ጆሮ ጎንበስ ብዬ «ወክዬሃለሁ» አልሁት። «ተቀብያለሁ» አለኝ። ኒካሑ ጸደቀ፤ ማንም አልሰማም። በብልሃቴ ስደሰት አህመድ በር ላይ አገኘኝና እንዲህ አለኝ፦

«ሸኽ፣ ያችን ቃል ጮክ ብለው ቢሏት ምን ይሆኑ ነበር?»

ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

አህመድ ባለፈው አጨዳ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ለመሪማ ሁሉን ነገራት። ሐዘኑ ሲያልፍ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደጄ ላይ ከባጃጅ ወረደች። ሰንበቴ ከተማ ውስጥ የሒሳብ መምህርት ናት። ሰላምታ ሰጠችኝ፣ ቆማ ጠረጴዛዬን አየች። አንድ ውርስ እያካፈልሁ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

ሟቹ የተዋቸውን ነገርኋት፤ ለሚስቱ ስምንተኛ፣ ለእናቱ ስድስተኛ፣ ለሁለት ሴት ልጆቹ ሁለት ሦስተኛ፣ የተረፈው ለወንድሙ። ደረሶቼ ግማሽ ቀን የሚታገሉበትን ነገር ቁጭ ሳትል አሰላችው።

«ከሃያ አራት ይወጣል። ወንድምየው አንዲት ብቻ ናት የምትደርሰው፤ አያኮርፍም?»

ሳቅሁ። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ኮርቼ አላውቅም። ይህ ጭንቅላት የኔ ነው ብዬ ልጮኽ ደረስሁ። በምን መብቴ?

«ሴት ልጁ አንድ ብቻ ብትሆንስ?» አለች።

«ግማሹን ትወስዳለች።»

«ያች ልጅ በሌላ ሰው ስም ተጽፋ ብትገኝስ?»

«አይቀንስባትም። የሚያወርሳት ደሟ ነው። በሌላ ስም መጥራቱ ራሱ ክልክል ነው።» ሳላስብ፣ እንደ አስተማሪ መለስሁ።

ከቦርሳዋ የወረቀቱን ግልባጭ አወጣች። ያን የሚያምር የእጅ ጽሑፌን ከሩቅ ለየሁት።

«ታዲያ ለምን ጻፉት? እማ ‹እኔ አልጠየቅሁም› ትላለች።»

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛ የበደልኋት። «ላንቺ ብዬ ነው፤ በሁለት ቤት መካከል እንዳትንገላቺ» አልኋት። ያን አሮጌ ካባ እንደገና ለበስሁት።

«ስሜን ይመልሱልኝ ብዬ አልመጣሁም» አለች፤ «የአህመድ ልጅ ነኝ፣ በዚያው እኖራለሁ። ምክንያቱን ብቻ ነበር የፈለግሁት። ደረሶችዎ ሲጠይቁዎትም እንዲህ ነው የሚመልሱት?» ወረቀቱን አጥፋ ሄደች።

እንግዲህ ምክንያቱ ይኸው። አንዲት ደግ ሴት በተማሪዎቼ ፊት ሳቀችብኝ፤ ለዚያ ሳቅ ልጄን ከፈልሁ። ድህነት አልነበረም፤ ሐዘንም አልነበረም፤ የልጅቱ ጥቅም ከነጭራሹ አልታሰበኝም። ያ ዓረፍተ ነገር ፋጡማን ለመቅጣት የተጻፈ ነው፤ የተቀጣችው ግን ተኝታ የነበረችው ናት።

ይህን ጽሑፍ በሁለት ቅጂ ጽፌአለሁ። አንዱ ነገ በሚኒባስ ሰንበቴ ይሄዳል። ሁለተኛውን ሐሙስ፣ የዘር ምዕራፍ ላይ ስንደርስ፣ ለደረሶቼ ራሴ አነብላቸዋለሁ፤ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ አልልም፤ አፉ ማለት ለተበደለው ነውና አንባቢ ሊሰጠኝ አይችልም፣ እሷንም በልመና አላስጨንቃትም። ኩራቴ አልለቀቀኝም፤ ይህን እንኳ ስጽፍ ፊደሎቼ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ተጠንቅቄአለሁ። ቢያንስ ዛሬ የቆሙት ለእውነት ነው።

በዚያ ክፍል ሰባት ነበርን። ዳኛው ተዛውረው ሄዱ፣ ወሬያቸውን አልሰማሁም። ይማም፣ ሰይድና አህመድ አፈር ገብተዋል። የቀረነው ሦስት ነን፦ አንዲት እናት፣ አንዲት ልጅ፣ እና እኔ።