የማሳው ቀኝ ጠርዝ

መጋረጃ ሰፊዋን በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። በሱቁም፣ በምትኖርበት ፎቅ ደረጃም፣ በስልኳ ግሩፕም «እትዬ አዝመራ» ናት። ስሙ የወጣላት መሬት ኖሯት እንዳይመስላችሁ፤ በረንዳዋ ላይ አንዲት የአበባ ቆርቆሮ እንኳ የላትም። አንድ ጊዜ የተሰጣትንም አበባ ውኃ አብዝታ ገድላዋለች። የእሷ እርሻ ስልኳ ውስጥ ነው፤ ስንዴ የሚዘራበት፣ ዶሮ የሚንጫጫበት፣ ላም የሚታለብበት የኦንላይን ጌም። እዚያ ግን የሚወዳደራት የለም።

መጀመሪያ ይስቁባት ነበር። «ትልቅ ሴትዮ፣ ጭኗ ላይ ጨርቅ ዘርግታ ስልክ ውስጥ ዶሮ ትቀልባለች!» ይሏታል። የሳቁት ሁሉ አንድ በአንድ ጌሙን ጫኑ፤ ብዙም ሳይቆዩ ጎተራቸው ሞልቶ፣ ካሮታቸው ጠውልጎ፣ ደጅ ይጠኗት ጀመር። እሷም አልነፈገቻቸውም። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስለምትናገር ግማሹ ቃል ተበልቶ የሚደርስ የድምፅ መልእክት በየቀኑ ለግሩፑ ትልክ ነበር።

«ስንዴውን እንዳለ አትሽጡ፤ ለዶሮ አብሉትና እንቁላሉን ሽጡ» ትላለች። «ጌሙ አልማዝ ሲሸልማችሁ ሰብል ለማጣደፍ አታባክኑት፤ ጎተራ አስፉበት። ማስቀመጫ የሌለው ሰው አዲስ መሬት ምን ያደርግለታል? ደግሞ ከመዝራታችሁ በፊት መቼ እንደምትመለሱ አስቡ። ስብሰባ ልትገቡ ካሮት ትዘራላችሁ እንዴ! አለቃችሁ ንግግሩን ሳይጨርስ ካሮቱ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ዱባ ዝሩና ሂዱ፣ ዱባ ታጋሽ ነው። የጎረቤት እርሻም ግቡና ውኃ አጠጡ እንጂ፤ የራሳችሁን ብቻ እያያችሁ አትውሉ።»

ሌላው ምክር ሁሉ ቢረሳ የማይረሳው ግን «ከጠርዝ ጀምሩ» የሚለው ነው። እርሻውን ስትከፍቱ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ዙሩ፣ መሀሉንማ ማንም ያየዋል፣ መጋረጃም ቢሆን ጠርዙ ካልተያዘ ጨርቁ ምን ቢያምር ዋጋ የለውም ትላለች። ዕድሜዋን ከጨርቅ ጋር የኖረች ሴት ናትና ወሬዋ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ጨርቅ ላይ ያርፋል።

እርሻውን የሰጣት ታናሽ ወንድሟ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ፌርማታ በደረሰ ቁጥር ድምፁን እንደ አውሮፕላን አብራሪ አጎርንኖ «ክቡራን መንገደኞች» ስለሚል ተሳፋሪው ካፒቴን ይለዋል። ባሏ የሞተ ሰሞን እትዬ አዝመራ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ከመመላለስ በቀር ሥራ አልነበራትም። አጽናኙ ሁሉ ተናግሮ ተናግሮ ሄደ። ካፒቴን ማጽናናት አይችልበትም፤ ሊያጽናና ሞክሮም ሁለቴ አስለቅሷታል። በመጨረሻ ስልኳን አንስቶ ጌሙን ጫነላትና «እትዬ፣ እኔ ሥራ ልገባ ነው። ይቺን ዶሮ ካልመገብሻት ትሞታለች» ብሏት ወጣ።

ውሸቱን ነበር። በዚያ ጌም ዶሮ ትራባለች እንጂ አትሞትም። እሷ ግን ሆዷ ባባና መገበቻት። የመገበችውን ስንዴ ለመተካት ስንዴ ዘራች። ስንዴው እስኪደርስ ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ውሸቱን ያወቀችው ወደ ስፌቷ ተመልሳ፣ እንደ ድሮዋ ሰው መልከፍ ከጀመረች በኋላ ነው፤ ያኔም ደውላ ስድብ አጠገበችው። ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም እርሻ ለእርሻ ሳይጠያየቁ የዋሉበት ቀን አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በሽንኩርት ነው። አንድ ጠዋት የስፌት መኪናዋን ከማስነሳቷ በፊት እንደ ልማዷ የወንድሟን እርሻ ልትጎበኝ ገባች። መሀሉ ተሰብስቧል፤ ግራው ዳር ለምለም ነው። በቀኝ በኩል ያለው የሽንኩርት መደብ ግን ሰብሳቢ አጥቶ ደርቋል። ከመደቡ አጠገብ ያለችው ላም ጡቷ ሞልቶ ትጮኻለች።

ዝም ብላ ብታልፈው ምናለ! እሷ ግን ምላሷ መች ያርፍና፤ ስልኩን አፏ ላይ ደቅና ለግሩፑ ለቀቀችው። «እስቲ የካፒቴንን እርሻ ግቡና እዩልኝ! ቀኝ በኩሉን ለአይጥ አከራይቶታል። እንዲህ ያለው ተማሪ ነው አስተማሪውን የሚያሰድበው!»

ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ። ካፒቴንም አብሮ ሳቀና «ምን ነካሽ እትዬ፣ ሁሉንም ሰብስቤያለሁ እኮ» አለ። ሰዉ ይበልጥ ሳቀበት።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፤ ከዚያም በኋላ እንደዚያው። ግራውና መሀሉ የአዋቂ እርሻ ነው፣ ቀኙ ባለቤት የሌለው። እሷ ገብታ ታጠጣለታለች፤ እሱ ሳይሰበስበው ይደርቃል። ደወለችለት።

«ላሞችህ ስንት ናቸው?»

«ሁለት።»

«ሦስተኛዋስ?»

«ሸጥኳት መሰለኝ እኮ።»

ደሟ ፈላ። ላም ገዝቶ የሚረሳ ሰው! «ልብህ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ የማትጫወት ከሆነ ንገረኝና ልተውህ» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ቀኑን ሙሉ ተቀይማ ዋለች።

በዚያው ሰሞን የወንድሟ ሚስት የሳሎን መጋረጃዋን ልታሳጥር ሱቅ መጣች። እትዬ አዝመራ ጠርዙን እያጠፈች ትሰፋለች፣ ሴትዮዋ አጠገቧ ተቀምጣ የሆዷን ትዘረግፋለች።

«ወንድምሽ እኮ ምግቤን ጠልቷል እትዬ። ሰሃኑን ግማሽ ያደርስና ጠገብኩ ብሎ ይነሳል። ላነሳው ሳዞረው ደግሞ ‹ቆይ፣ ይሄ ከየት መጣ?› ብሎ እንደገና መብላት ይጀምራል። እያሾፈብኝ ነው አይደል?»

«እሱ መች ማሾፍ ይተዋል» አለች እትዬ አዝመራ፣ ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ።

«ትከሻውንስ ብታዪው! ከበር ጋር እየተጋጨ በልዟል። ሰክሮ ነው እንዳልል መጠጥ አይነካ።»

እትዬ አዝመራ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች። መኪናው ቀጥ አለ። «የትኛውን ትከሻ?»

«ይሄኛውን» አለች ሴትዮዋ፣ የራሷን ቀኝ ትከሻ እየነካች።

«ሰሃኑ ላይ የሚተወውስ በየት በኩል ያለውን ነው?»

የወንድሟ ሚስት ትንሽ አሰበች። ሰሃን ፊቷ ያለ ይመስል እጇን ዘረጋችና ወደ ቀኝ አመለከተች። ያኔ ሽንኩርቱ፣ ላሟ፣ «ሁሉንም ሰብስቤያለሁ እኮ» ያለው ድምፁ፣ የግሩፑ ሳቅ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣባት። የአውቶቡስ በር በቀኝ ነው። ሰው የሚወጣውም የሚወርደውም፣ መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቀውም በቀኝ ነው። መጋረጃውን መርፌ እንደተሰካበት ትታ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወጣች።

አውቶቡስ መነሻው ስትደርስ የካፒቴን አውቶቡስ እየገባ ነበር። የቀኙ ስፖኪዮ ተሰብሮ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሰዎች ይወርዳሉ። አንድ ሽማግሌ አንድ እግራቸው መሬት፣ አንዱ ደረጃው ላይ እንዳለ በሩ መዘጋት ጀመረ።

«ካፒቴን! ሰው አለ እኮ!» ብሎ ትኬት ቆራጩ ጮኸ። በሩ ተመልሶ ተከፈተ። ሽማግሌው እግራቸውን ነጥቀው እየተራገሙ ሄዱ። ካፒቴን «ይቅርታ አባቴ፣ አላየሁዎትም» አለ። እውነቱን ነበር፤ ግን ማንም እንደ እውነት አልሰማውም።

አውቶቡሱ ባዶውን ሲቀር ገባች።

«እትዬ! ምን እግር ጣለሽ?» አለና ፊቱ በራ።

«እጄን የስፌት መኪና ዘይት ነክቶታል። እስቲ ስንዴዬን ሰብስብልኝ፣ ሳይደርቅ» አለችና ስልኳን ሰጠችው።

ደስ ብሎት ተቀበላት። ጣቱ ቀልጣፋ ነው፤ ከግራው ጠርዝ ጀምሮ ማሳውን እየጠረገ መሀሉ ድረስ መጣ፣ ትንሽ አለፈና ቆመ። «አለቀ። ንጹሕ!» ብሎ ስልኩን ዘረጋላት። በቀኝ በኩል ያለው ስንዴ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሆኖ ቆሟል።

«ጠርዙን ሁሉ አየኸው?»

«አንቺ አስተምረሽኝ ጠርዝ ልተው?»

ስልኩን እዚያው እጁ ላይ እንዳለ ይዛ የላይኛው ጫፍ ወደ ታች፣ ቀኙ ወደ ግራ እንዲመጣ አዙራ ገለበጠችው። ካፒቴን አየ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። «እንዴ! ይሄ አሁን ነው የደረሰው?»

«አይደለም የኔ ወንድም። ቅድምም ነበረ።»

ራሱ አዙሮ ወደ ቦታው መለሰው፤ ስንዴው ጠፋ። እንደገና ገለበጠው፤ ስንዴው አለ። መለሰ፣ ገለበጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ እየቀዘቀዘ ሄደ። ቀና ብሎ በመስታወቱ መንገዱን አየ፣ ከዚያ አንገቱን አዙሮ በሩን አየ፣ ከዚያ የተሰበረውን ስፖኪዮ አየ። ማንም ምንም ሳይለው ሁሉን ተረዳ።

የስምሪት ኃላፊው ፊሽካ ነፋ። ተሳፋሪው መግባት ጀመረ፤ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ቦርሳ ያንጠለጠሉ ተማሪዎች።

«ይቺን አንድ ዙር ልጨርስ» አለ ካፒቴን ዝቅ ባለ ድምፅ። «ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። በዝግታ ነው የምነዳው።»

«አይሆንም። ውረድ።»

«እትዬ፣ ሰው እየሰማ ነው።»

«ይስማ! ውረድ አልኩህ።»

«ከዚህ መሪ ሌላ ምን አውቃለሁ እኔ?» አለና ድምፁ ተሰበረ። «ንገሪኛ፣ ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

አንጀቷን በላት። ከአልጋዋ ጫፍ ያነሳት ሰው ይሄ ነው፤ አሁን እሱን ከወንበሩ የምታነሳው እሷ ልትሆን ነው። አንድ ዙር ብቻ ነው እኮ፣ አለች በልቧ፤ እውነቱን ለመናገር ለጥቂት እሺ ልትለው ነበር። ከተማሪዎቹ አንዷ ከውጭ ቆማ፣ የጫማዋን ክር ልታስር በሩ ሥር ጎንበስ አለች። እትዬ አዝመራ ያቺን ልጅ አየች፣ ወረደች፣ በቀጥታ ወደ ስምሪት ኃላፊው ሄደች።

«ወንድሜ በቀኝ በኩል አይታየውም። ይህ አውቶቡስ እንዳይነሳ» አለች። ቀስ ብላ ልትል አስባ ነበር፤ የወጣው ግን ግቢው ሁሉ የሚሰማው ድምፅ ነበር።

ካፒቴን ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ቁልፉን ለኃላፊው ሰጠና በአጠገቧ ሲያልፍ «በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አላት። ሲወጣ የግቢው የብረት በር ቀኝ ትከሻውን መታው። ልትደግፈው ሮጠች፤ ክንዱን ነጠቃት።

ሐኪሙ የካፒቴን ዓይን ራሱ ምንም እንዳልሆነ ለባልና ሚስቱ ነገራቸው። ሳያውቀው አንጎሉ ውስጥ አንዲት የደም ሥር ተዘግታ፣ የቀኙን በኩል የሚያይበት ቦታ ተጎድቷል። መድኃኒት ይወስዳል፣ እንዳይደገም ይጠበቃል፤ የጠፋው ይመለስ አይመለስ ግን እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር አልተገኘም። መንዳት ቀረ። ይህን ሁሉ የነገረቻት የወንድሟ ሚስት ናት፤ እሱ ስልኳን አያነሳም። ቤቱ ስትሄድም ተኝቷል ይሏታል፣ ከውስጥ ሲያስል እየሰማች።

እርሻውም ወና ሆነ። አሁንማ ቀኙ ብቻ አይደለም፣ ግራውም መሀሉም ደረቀ። እየገባች ታጠጣለታለች፤ ጌሙ ለጎረቤት ማጠጣት እንጂ መሰብሰብ አይፈቅድምና ድካሟ ከንቱ ነበር። የግሩፑ ሰው ምክር ሲጠይቃት ሥራ በዝቶብኛል ትላለች። ያቺን የአይጥ ቀልድ አጠፋቻት፤ ከጆሮዋ ግን አልጠፋችም። በስምሪት ኃላፊው ፊት ያደረገችው አይቆጫትም፣ ነገም ቢሆን ታደርገዋለች። ያቃጠላት ሳቋ ነው። ወንድሟ ግማሽ ዓለም ጠፍቶበት ሳለ እሷ ሰው ሰብስባ ስቃበታለች። ቀስ በቀስ የራሷን እርሻም መክፈት ተወች፤ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ መርፌ እንደያዘች የምትፈዝበት ጊዜ በዛ።

አንድ ጠዋት ሰዓት ልታይ ብላ ስልኳን ስታነሳ ጣቷ ጌሙን ነካው፤ ተከፈተ። ጠብቃው እንደነበረው ማሳዋ ደርቋል። ግራው አመድ መስሏል፣ መሀሉ ተሰነጣጥቋል። ልትዘጋው ስትል ዓይኗ ቀኝ ጠርዝ ላይ አረፈ። ከላይ እስከ ታች ርሷል። አንድም መደብ አልተዘለለም። ውኃ የጠጣው ያ ጎን ብቻ ነው፤ ሌላው ጠብታ አልነካውም። ከሥሩ የጎብኚው ስም ተጽፏል፦ ካፒቴን።

መርፌዋን አስቀመጠች። ስልኩን ገለበጠችና እሱ ይዞት በነበረው አኳኋን ያዘችው። እንዲያ ሲሆን የረጠበው መደብ በግራ መጣ። እንዲህ አድርጎ ገልብጦ፣ ባልለመደው አቅጣጫ እየታገለ፣ አንድ በአንድ እንዳጠጣው ታያት።

ስልኩ እዚያው እጇ ላይ ጮኸ። አነሳችው።

«እትዬ» አለ ካፒቴን። «ዶሮሽ ተርባለች። ካልመገብሻት ትሞታለች።»

ውሸቱን እንደሆነ ታውቃለች። እሺ አለችውና ተነስታ ፊቷን ታጠበች።