እትዬ ጠርሙስና የጥቅሉ እምብርት

በፋብሪካው ግቢ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ከደመወዝ ክፍል በቀር የለም። ለሌላው ሁሉ እትዬ ጠርሙስ ናት። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚነገረው «እጅህን ከማሽኑ ጠብቅ» የሚል ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ «የእትዬን ጠርሙሶች እንዳትነካ»። እሷ በምትሠራበት በጥራት ቁጥጥር ክፍሉ መስኮት ሥር፣ መደርደሪያ ላይ፣ አሥራ አራት ባዶ የማርማላታ ጠርሙሶች ታጥበው፣ የብረት ክዳናቸውን ገጥመው ተደርድረዋል። ጫፍ ላይ ያለው፣ አፉ ሸረፍ ያለው፣ ለሥራ አይነሳም። አንድ ጊዜ አንዱን ጠርሙስ አንስቶ ሻይ የጠጣበት የጥበቃ ሠራተኛ እስከ ዛሬ በዚያ በኩል አያልፍም፤ ዞሮ ነው የሚሄደው።

የፋብሪካው ሥራ ለሚያየው ቀላል ነው። ስስ ፕላስቲክና ስስ አሉሚኒየም በሙጫ ተጣብቀው አንድ ሽፋን ይሆናሉ፤ ሽፋኑ ተጠቅልሎ የወተት ዱቄት፣ የብስኩት፣ የመድኃኒት ማሸጊያ ሊሆን ይሄዳል። ሙጫው ግን ወፍራም ስለሆነ እንዲሁ አይቀባም፤ በማሟሟያ መቅጠን አለበት። ከተቀባ በኋላ ማሟሟያው በረጅሙ ማድረቂያ ውስጥ ተንኖ ይወጣል፤ ሁለቱ ሽፋኖች የሚገናኙት ከዚያ ወዲያ ነው። ሳይወጣ የቀረ ማሟሟያ ካለ እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ክፋቱ ደግሞ በዕለቱ አይታወቅም። ሽፋኑ ያብረቀርቃል፤ ቢጎትቱት አይላቀቅም። ሳምንታት አልፈው፣ መጋዘን ውስጥ ሙቀት ሲያገኘው ነው ጉዱ የሚወጣው። የታፈነው ማሟሟያ ሙጫውን ከውስጥ እያላላ ሁለቱን ያለያያቸዋል፤ ሽታውም ወደታሸገው ነገር ይገባል።

«እንደ አንዳንዱ ትዳር ነው» ትላለች ለአዲስ ገቢ ስታስረዳ፤ «በሠርጉ ቀን ማን የማያምር አለ?»

የእሷ ትዳር እንኳን ሠላሳ አንድ ዓመት ይዞ አልተላቀቀም። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ባሏ ቅሬታው አንድ ብቻ ነው፤ ማርማላታው ሳያልቅ ጠርሙሱን ትወስድበታለች።

እሷም ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ሲቀራት ትልቅ ትእዛዝ መጣ፤ ለሕፃናት የተቅማጥ መድኃኒት ዱቄት ማሸጊያ የሚሆን አርባ ጥቅል። ሐሙስ ጠዋት መኪና ይመጣል ተባለ። ሰኞ ከሰዓት፣ ጥቅሎቹ ተሠርተው ሲያልቁ፣ እንደ ልማዷ ከአንዱ ቁራጭ ወስዳ ጠርሙስ ውስጥ ከታ ከደነችና አንድ ሰዓት ሙቀት ላይ አቆየችው። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። የጥፍር ቀለም የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ሽው አለና ጠፋ። ደግማ ብታሸት ምንም የለም።

ልቧ ግን አልተቀበለም። ተነስታ ወደ ማሽኑ ሄደች። ማሽኑን የሚያሠራው ሁለት ልጆች ወልዶም «ሙሽራው» መባሉ ያልቀረለት ሰው ነው። የመጀመሪያውን ማድረቂያ ሙቀት ስታይ ቁጥሩ ከልኩ በላይ ተሰቅሏል።

«ምነው እንዲህ አነደድከው?»

«ለሐሙስ እንዲደርስ ብዬ ነው እትዬ። ሲሞቅ ቶሎ አይደርቅም እንዴ?»

ጥቅሎቹን ልታስቆም ወደ ኢንጂነሩ አመራች። ቶሎ ይደርቃል፤ የሚደርቀው ግን ላዩ ነው። ሙጫው በአንዴ እሳት ሲያገኘው፣ የፈላ ወተት ስልባቦት እንደሚይዘው፣ ላዩ ይጋረድና ከሥር ያለው መውጫ ያጣል። ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። እንዴት እንዳወቀችው ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አዲሱ ኢንጂነር ሰው አክባሪ ነው፤ ችኮላው ነው ችግሩ። የሽታ መለኪያው መሣሪያ ተበላሽቶ ለጥገና ከሄደ ወር አልፎታል። ስለዚህ ከጥቅሉ ላይ አንድ ቁራጭ ወሰደና እፊቷ ጎተተው። ቁራጩ ተቀደደ እንጂ አልተላቀቀም።

«ይኸው እትዬ። ከዚህ በላይ ምን ይሁን? ይፈርሙልኝ።»

«አልፈርምም።»

«በምን ምክንያት?»

«ሸቶኛል» አለች፤ የማድረቂያውን ነገር ብታነሳ ሙሽራው ከሥራው ይባረራል ብላ ሰጋች።

ኢንጂነሩ ሳቁን ዋጠ። «ሽታ ተብሎ አርባ ጥቅል ይቆማል? እሺ፣ አንድ ነገር እናድርግ። ሦስት ከረጢት ሠርተን ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ እስከ ሐሙስ እናቆያቸው። ከተላቀቁ እርስዎ ልክ ነዎት። ካልተላቀቁ ግን ይፈርማሉ፤ የጠርሙሱም ነገር በዚያው ያበቃል።»

ተስማማች። ምን ታድርግ?

ሐሙስ ጠዋት መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሟል። ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ያለው እየመሰለ በቁጥጥር ክፍሉ አካባቢ ይዞራል። ሳጥኑ ተከፈተ። ሦስቱም ከረጢቶች ደህና ናቸው፤ አንድም እብጠት፣ አንድም የተላቀቀ ጫፍ የለም። ኢንጂነሩ ብዕሩን ዘረጋላት።

ያን ጊዜ ፈራች። ሃያ ሁለት ዓመት የተማመነችበት አፍንጫ አርጅቶ ይሆናል። አራት ወር ሲቀራት በሰው ፊት መዋረዷ ነው። ብዕሩን ተቀበለች፤ ለመፈረም አጎንብሳ ሳለ ዓይኗ ከረጢቶቹ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ላይ አረፈ። በራሷ እጅ «ከላይኛው ዙር» ተብሎ ተጽፎባታል።

በዚያ ቤት ናሙና የሚወሰደው ምንጊዜም ከጥቅሉ ላይኛው ዙር ነው። ባለቀ ጥቅል ላይ ቢላ ማሳረፍ ነውር ነው፤ የተጠቀለለ እንጀራቸው ነውና እሷም ሳስታ ከላይ ብቻ ነበር የቆረጠችው። ላይኛው ዙር ደግሞ በላዩ የሚጫነው ስለሌለ አየር እያገኘ ይተነፍሳል። መተንፈሻ ያጣው መሃሉ ነው።

ቀና አለች። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«ጥቅሉ ይቆረጥ። እስከ እምብርቱ።»

«እትዬ! ያለቀ ጥቅል?»

«ያለቀ ጥቅል።»

«ምንም ባይገኝበትስ?»

«ጠርሙሶቼን በጆንያ ይዤ ዛሬውኑ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አራት ወር አልጠብቅም።» ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በዚያ ቤት ለማንም አለቃ ያልተናገረችውን ተናገረች፦ «ልጄ፣ ይሄን ከረጢት የሚቀደው የታመመ ሕፃን ያቀፈች እናት ናት። እሷ አሽታ መመለስ አትችልም።»

ኢንጂነሩ ራሱን ነቅንቆ ለሙሽራው ምልክት ሰጠው። ቢላው ገባ። ዙር በዙር ወደ ውስጥ እየዘለቀ ሄደ፤ እምብርቱ ጋ ሲደርስ ጠርሙስ አላስፈለገም። ሽታው በሩ ድረስ ወጣ፤ መኪናው አጠገብ የቆመው ሹፌር እንኳን «ይሄ ምንድነው?» አለ። ኢንጂነሩ ከመሃሉ አንድ ቁራጭ አንስቶ በሁለት ጣቱ ሳብ አደረገው። ፕላስቲኩ በአንድ እጁ፣ አሉሚኒየሙ በሌላው እጁ ቀረ። ሳይቀደድ፣ ሳይታገል፣ ተላቀቀ። የሙጫው እርጥበት ጣቱ ላይ ተጣብቋል።

የእትዬ አንጀት ቅቤ ጠጣ። እልልታ ቢቃጣትም ዋጠችው።

«ማነው ማድረቂያውን እንዲህ ያሞቀው?» አለ ኢንጂነሩ የሰኞውን የማሽን መዝገብ ገልጦ።

ሙሽራው አመድ መሰለ። ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«መጀመሪያ ያሞቅሁት እኔ ነኝ» አለች እትዬ።

«እርስዎ ማሽን አይነኩም!»

«ዛሬ አልነካም። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ግን እዚሁ ማሽን ላይ እኔ ነበርኩ። እንደሱው ለማድረስ ቸኩዬ እሳቱን ሰቀልኩት። የወተት ማሸጊያ ነበር። በወሩ ሱቅ ውስጥ እንዳለ ተላቀቀ፤ ስንት ወተት ሸተተ። ሻለቃ የምንለው አለቃ ነበረን፤ ‹ፈርሜ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ› ብሎ ከሹመቱ ወረደ። ስሜን አላነሳም። እኔንም አንድ ቃል አልተናገረኝም። በማግስቱ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ሄደ። ከዚያ ወዲህ፣ ወደ ቁጥጥር ስዛወርም፣ ሳላሸት ያሳለፍኩት የለም።»

ወደ መደርደሪያው፣ አፉ ወደተሸረፈው ጠርሙስ ተመለከተች። ሃያ ሁለት ዓመት እንከን የማያውቃት እየመሰላቸው ሲፈሯት የኖሩት ሰዎች አሁን በሌላ ዓይን ነበር የሚያዩዋት። ቀለል አላት።

ኢንጂነሩ ለሙሽራው ምንም አላለውም። መኪናውን ባዶውን መለሰው፤ ለደንበኛው ራሱ ደውሎ እውነቱን ተናገረ። አርባውም ጥቅል እንደገና ተሠራ፤ የመጀመሪያው ማድረቂያ ለዘብ፣ ማሽኑም ቀስ ብሎ። በየፈረቃው አንድ ጥቅል እስከ እምብርቱ እየተቆረጠ ተፈተሸ፤ ነውርነቱም በዚያው ቀረ። አምስተኛውና የመጨረሻው ላይ ደርሳ ጠርሙሱን ስትከፍት እሱም ምንም አልሸተተም። ደግማ አሸተተች። ምንም። ፈረመች፤ ፊርማዋ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም።

ያን ለት ቤቷ ስትገባ ባሏ ከላይ እስከ ታች አያት። «ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ ደረትሽን ነፍተሽ የምትገቢው?»

«ወገቤ ተሽሎኝ ነው» አለችና ማርማላታውን አነሳች።

«ኧረ ገና ግማሽ ነው!»

የመጨረሻ የሥራ ቀኗ ላይ ሙሽራው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ከቤቱ ያመጣው ጠርሙስ ነው፤ ታጥቦ ያብለጨልጫል። «እትዬ፣ ይሄ ይሆናል?»

ከፍታ አሸተተች፤ ፊቷን ኮሶ አስመሰለችው። «ክዳኑ ፕላስቲክ ነው። ራሱ እየሸተተ የማንን ሽታ ሊነግርህ ነው?»

ሙሽራው አንገቱን ደፋ። እሷ ክዳኑን ነቅላ ቅርጫት ውስጥ ጣለች። ከዚያ የሻለቃን ጠርሙስ ከጫፉ አነሳች፤ የብረት ክዳኑን ፈትታ በሙሽራው ጠርሙስ ላይ ሞከረችው። ልክ ገጠመ።