እጅ አጣምሩ!

ባለፈው ሰሞን እንጅባራ ላይ ለመምህራን በተዘጋጀ ስልጠና ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከአዳራሹ ውጪ አንድ ሰውዬ ለአጥር የሚሆን ቀርከሃ ይሰነጥቅ ኖሮ «ጧ!» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ገባና ልቤ የት እንደሄደ አላውቅም፣ እዚያው ከተማ ዳር፣ እንጅባራን ሁላችንም ቆሰበር ስንለው በነበረበት ጊዜ ወደነበረው ቤታችን ተመለስኩ። አሰልጣኙ በዚያች ሰዓት ጭቃና ባለቀለም ክር እያደለን «የሚነካካ ልጅ ረባሽ አይደለም፤ እጁ ሲሠራ ነው አእምሮው የሚነቃው» ይለን ነበር። ባልደረቦቼ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይጽፋሉ። እኔ ደሜ ፈላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ!

አባቴ ቅርጫትና ጎተራ ሠሪ ነበር። ክረምት ሲገባ፣ የእኛ አገር ዝናብ እንደሆነ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያውን የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነውና፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቀርከሃውን ሲሰነጥቅና ሲፍቅ ይውል ነበር፤ እናቴም «ቤቱን ፍቅፋቂ ሞላኸው እኮ!» እያለች ስትነጫነጭ፣ ታላቅ እህቴ ባንቺ ደግሞ ፍቅፋቂውን ለቃቅማ እያጠፈች መሬት ላይ ፊደል ትሠራበት ነበር። አንደኛ ክፍልን ጨርሳ ሁለተኛ ልትገባ ነው፤ እኔ ገና ትምህርት ቤት አልረገጥኩም። ከጎኗ አስቀምጣኝ፣ «ይቺ በ ናት። ጎኗ ላይ እጅ ስቀጥልላት ቡ ሆነች። ግራ እግሯን ስቆርጣት ደግሞ ባ!» ትለኝና የተቆረጠችውን እግር በጣቷ ታስዳስሰኝ ነበር። እንዲህ እየተጫወትን ዝናቡ ሳያባራ ማንበብ ቻልኩ። ማንም መምህር አላስተማረኝም፤ ያስተማረችኝ ባንቺ ናት፣ ይሄን ሰው ሁሉ ይወቅልኝ።

መስከረም ሲጠባ አብረን መሄድ ጀመርን። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል አንድ ቤት ውስጥ ሆነው መሀላቸው በቀርከሃ ግድግዳ የተከፈለ ስለነበር፣ በስንጥቁ አጮልቄ እህቴን አያት ነበር። የሁለተኛ ክፍሉ መምህር፣ ቲቸር እያልን የምንጠራቸው፣ በጸጥታ የታወቁ ሰው ነበሩ። ገና በር ላይ ሲደርሱ «እጅ አጣምሩ!» ይሉና ያ ሁሉ ልጅ ክንዱን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ሳል እንኳ ሲመጣበት ውጦ፣ እስከ ደወል ይቀመጥ ነበር። ወላጅ ሁሉ «በሳቸው ክፍል ዝንብ ስትበር ትሰማለች» እያለ ያመሰግናቸዋል። ዝንብ ለመስማት ነው እንዴ ልጅ ትምህርት ቤት የሚላከው?

ባንቺ ይሄ አልሆንላት አለ። እጇን ካጣመረች ልቧ እልም ይላል፤ «እጄን ሳስረው ጆሮዬም አብሮ ይዘጋብኛል» ትለኝ ነበር ወደ ቤት ስንመለስ። ስለዚህ ሳታውቀው ክንዷ ይፈታና ከመሬቱ ሣር አንስታ ማጠፍ፣ ወይም የቀሚሷን ጫፍ መቋጠር ትጀምራለች፤ ቲቸር ያዩዋትና «አላርፍ ያለች ጣት!» ይላሉ። የተረቱን መጨረሻ የማያውቅ ልጅ የለምና ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። መሳቅ ይፈቀዳል ማለት ነው፣ በእህቴ ከሆነ።

ጥር ላይ፣ የፈረሰኞቹ በዓል አልፎ የልጁ ሁሉ ልብ ገና ከፈረሱ ጋር ሳለ፣ ከወረዳ አንድ እንግዳ ክፍሉን ሊያዩ መጡ። ቲቸር ባንቺን አስነስተው ሰሌዳው ላይ የጻፉትን ቃል እንድታነብ አዘዟት። ቃሉ «ገበሬ» ነበር፤ እኔ በስንጥቁ ሆኜ አንብቤዋለሁ። እሷ እንደ ልማዷ ጣቷን አንስታ የመጀመሪያውን ፊደል በአየር ላይ ልትስል ስትል፣ ቲቸር እንግዳ ፊት የተዋረዱ መሰላቸው መሰለኝ፣ አንዷን ተማሪ ጠርተው የባንቺን ሁለት እጅ በገዛ ነጠላዋ ወደ ኋላ አሳሰሩት። «አሁን አንብቢ!» አሏት። እህቴ አፏን ከፍታ ቀረች። እኔን ያስተማረችኝን ፊደል አጣችው። እንግዳውም «ጥሩ ሥርዓት አለ» ብለው ወጡ። ሥርዓት! ልጅ እንደ ሌባ አስሮ ማቆም ሥርዓት ተባለ! እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ቲቸር አባቴን አስጠሩት። እኔም አብሬው ነበርኩ። «ይቺ ልጅ አይገባትም፤ በከንቱ አያድክሟት፣ እናቷን ታግዝ» አሉት። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እርስዎ ካሉማ ምን እላለሁ» ብሎ ተመለሰ።

እናቴ ያን ቀን ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው።

«ፍቅፋቂህን ፊደል ስታደርገው አላየህም? ዓይን የለህም?»

«እኔ ከመምህር ላውቅ ነው?» አላት አባቴ።

እናቴ ሲከፋት አማርኛውን ትታ በአገውኛ ነበር የምታጉረመርመው፤ ያን ማታ እስክንተኛ በአገውኛ ብቻ ነበር። ባንቺ ግን ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጣ፣ ክንዷን ደረቷ ላይ ጥፍር አድርጋ አጣምራ፣ «አባዬ፣ እየኝ፣ አጣምሬያለሁ፤ ሁለተኛ አልፈታም» ትለው ነበር። አባቴ ዓይኗን ማየት አልቻለም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተማረ ሰው ያለው ሁሉ እውነት የሚመስለው ሰው ነበር። በቀጣዩ መስከረም እኔ ብቻዬን ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ባንቺም ከእናቴ ጋር ድንች ስትኮተኩት አድጋ ኋላ አዘና ወደሚባል አገር ተዳረች።

ስልጠናው ባለቀ ቅዳሜ ዳንግላ፣ የማስተምርበት ከተማ፣ አልተመለስኩም፤ ቀጥ ብዬ አዘና ወረድኩ። ባንቺ ድንች እየላጠች አገኘኋትና አሰልጣኙ ያለውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፣ የኔ ነገር!

«እንዲህ አሉ? በአዳራሽ?»

«አዎ።»

«ሰው ሁሉ እየሰማ?»

«እየሰማ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«አባዬ ግን ሳይሰማ ሞተ» አለችኝ። «አይገባትም እንዳለ ሞተ፣ ወንድሜ።»

ያስያዙኝን ጭቃና ክር ከቦርሳዬ እንኳ ማውጣት አፈርኩ።

የኔ ክፍል ጫጫታ አለበት፤ ርዕሰ መምህሩ «ክፍልህን ገበያ አደረግከው» ይለኛል፣ ይበለኝ። ወላጅ አስጠርቼ ሲመጣ እኔ ስለ ልጁ ምንም አልናገርም። ልጁን እጠራና፣ እጁን እንደፈለገ እያደረገ፣ አባቱ ፊት አንድ ገጽ እንዲያነብ አደርጋለሁ። አንዳንዱ አባት ባርኔጣውን እንደያዘ ቆሞ ይሰማል፤ አንዳንዱ «በል ድገመው» ይላል። የኛ አባት ይሄን ዕድል አላገኘም፤ ቆሞ የሰማው ቲቸርን ብቻ ነበር።