በፍስክ ጎመን

ልቤ ውስጥ ብረት አለ። በልጅነቴ በየክረምቱ ይመላለስብኝ የነበረው የጉሮሮ ሕመም የራሴን የልብ በር አበላሸው። አዲስ አበባ ወስደው፣ ደረቴን ከፍተው፣ እሱን አወጡና በምትኩ ይህን ገጠሙልኝ። ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፅ አለው። ቅዳሴ ላይ ጸጥ ሲል አጠገቤ የሚቆሙ ሴቶች የእጅ ሰዓት ያሰርኩ ይመስላቸዋል። አንዷማ አንድ እሑድ ጠጋ አለችና «እቴ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችኝ።

ወደ ሰቆጣ የተመለስኩት በጥር፣ ሦስት ዓይነት ክኒን ይዤ ነው። አንደኛዋ ጠዋት ተውጣ እስከ እኩለ ቀን ሽንት ቤት ታመላልሳለች። ሁለተኛዋ የልብ ምት ታረጋጋለች፤ እግረ መንገዷን ጣቶቼን ታቀዘቅዛለች፣ ብድግ ስል ደግሞ ዓለሙን ታዞርብኛለች። ለእነዚህ ለሁለቱ መላ አይጠፋም፤ ካልሲ አለ፣ ቀስ ብሎ መነሣት አለ። ጣጣው ሦስተኛዋ ላይ ነው፤ ደም ማቅጠኛዋ ዋርፋሪን። ደሜ ከወፈረ ብረቱ ላይ ይረጋና በሩን ይይዘዋል። ከቀጠነ ደግሞ ከድዴም ከአፍንጫዬም ይፈሳል። መሐሉ ጠባብ መንገድ ነው። በደም ምርመራው ቁጥር ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ተኩል።

ቀዶ ሕክምናውን የሠሩልኝ ሐኪም ሲያሰናብቱኝ እንዲህ አሉኝ፦

«አገርሽ ስትገቢ አንድ ሐኪም ምረጪ። ሁለት አይደለም፣ አንድ። ቁጥርሽን ሳያቋርጥ የሚከታተል። እስከ መስከረም ካልተረጋጋ ግን እዚሁ አዲስ አበባ መኖር ይኖርብሻል።»

አዲስ አበባ አክስት አለችኝ። «ነገ ትምጣ» አለች በስልክ። እኔ ግን መሄድ አልፈለግኩም። ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ለባላገሩ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ በተበላሸው ወረቀት ጀርባ ደግሞ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። የገበያ ቀን ደጁ ላይ ተቀምጬ ሰው በአማርኛ ጀምሮ በኽምጣንጋ ሲጨርስ፣ በኽምጣንጋ ተጣልቶ በአማርኛ ሲታረቅ እየሰማሁ ነው የለመድኩት። አክስቴ ቤት ፎቅ ነው፤ የሚሰማው ሊፍቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሐኪም መምረጥ ነበረብኝ። መጀመሪያ የመረጡልኝ አባቴ ናቸው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ በሽበት ያምናሉ። ወልዲያ ውስጥ ስማቸው የተጠራ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ ስፔሻሊስት እንዳሉ ከሰው ሰምተው ነገሩን ጨረሱት።

ወዲያው ሁዳዴ ገባ። ክኒን በባዶ ሆድ አይሆንልኝምና የነፍስ አባቴ ሰዓቱን ፈቱልኝ። ምግቡንም ሊፈቱልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የቄስ ልጅ ሆኜ በሁዳዴ ወተት ስጠጣ ልታይ? የሐኪሙን ቢላዋ እንደቻልኩት የጎረቤት ዓይን አልችልም።

ሰፈሩ ደግሞ አዘነልኝ። «ይቺ ልጅ ደሟ አልቆ ነው የመጣች» ተባለ። ደም የሚተካው ምን እንደሆነ እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም፤ ጎመን ነው። መስኖ ያለው ከመስኖው ቀጥፎ፣ የሌለው ከገበያ ገዝቶ አመጣ። ጠዋት ጎመን በዳቦ፣ ቀን ጎመን በሽሮ፣ ማታ ጎመን ለብቻው። እናቴ አጠገቤ ቆማ ካልጨረስኩ አትሄድም። በሦስተኛው ሳምንት ብወጋ የሚፈሰው አረንጓዴ ይሆናል እያልኩ እቀልድ ነበር።

አንዱ የግል ላብራቶሪ ደሜን ሲያየው ቁጥሩ አንድ ነጥብ ስድስት ሆነ። ወፍሯል። ተነሣሁ፣ ወደ ወልዲያ።

በዚያ ጉዞ ያቺን የሽንት ክኒን ጠዋት ውጬ ነው አውቶቡስ የገባሁት። ሹፌሩ ሦስት ጊዜ አቆመልኝ። በሦስተኛው ስመለስ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አንቺ ልጅ፣ እስከ ወልዲያ ያለውን ቁጥቋጦ ሁሉ አጠጣሽው እኮ! ዘንድሮ ዝናብ ባይመጣም አይገደን!» አሉ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩ፤ ስፌቱ እስኪያመኝ ድረስ።

ስፔሻሊስቱ ክፍላቸው ውስጥ ዓሣ የሚዋኝበት መስተዋት ነበራቸው። ወረቀቴን አዩ፣ «ዝቅ ብሏል፤ መጠኑን እንጨምራለን» አሉ፣ ጻፉ፣ አለቀ። ከእሳቸው ይልቅ ዓሣዎቹን ብዙ አየኋቸው። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ፤ አሁንም ዝቅ፤ አሁንም ጨመሩ። ሰውዬው አልተሳሳቱም። ያ ወረቀት ለማንም ቢሰጥ ያንኑ ያደርጋል።

ፋሲካ ሆነ። ጎመን ከቤታችን እንደ ተባረረ ሰው ወጣ። ዶሮ፣ ጥብስ፣ ቅቅል፤ በየጎረቤቱ ጥሪ። ክኒኑ ግን እንደተጨመረ ነው። መጀመሪያ ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ደማ። ቀጥሎ ክንዴ በለዘ፤ ማን መታኝ? ማንም። ከዚያ አንድ ሠርግ ቤት፣ ዳስ ውስጥ፣ አፍንጫዬ ነጩን ቀሚሴን አቀላው። ሴቶቹ አንገቴን ወደ ኋላ ሰብረው ከላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሱብኝ። አልቆመም። እናቴ በባጃጅ አቅራቢያችን ወዳለ ትንሽ ክሊኒክ ወሰደችኝ።

በር ላይ ጢም ገና ያላበቀለ ልጅ ነጭ ጋውን ለብሶ ቆሟል።

«የኔ ልጅ፣ ዶክተሩን ጥራልን!» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንተ? ትምህርቱን ጨርሰሃል?»

«ጨርሻለሁ። እስቲ ጭንቅላቷን ወደ ፊት ያዘንብሉልኝ።»

«ወደ ፊት? ደሙ ይፈስ የለ!»

«ወደ ኋላም ይፈሳል፤ ወደ ጉሮሮዋ ስለሚሄድ ነው የማያዩት።»

የአፍንጫዬን ለስላሳ ቦታ ቆንጥጦ ያዘና ሰዓቱን እያየ ሩብ ሰዓት አልለቀቀኝም። ያን ጊዜ ሁሉ ይጠይቃል፣ እኔ እንደ ዳክዬ እመልሳለሁ። ምን ምን ትውጫለሽ? መቼ? ባለፈው ሳምንት ምን በላሽ? ከዚያ በፊትስ?

«ጎመን።»

«ምን ያህል?»

እናቴ ከወንበሯ ተነሣች። «ልጅዎን ምን አበሏት ልትለኝ ነው? ያላበላኋት የለም!» አለችና የቀረውን በኽምጣንጋ አጉረመረመች። ልጁ ከጎጃም የመጣ ነው፤ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ረገሙኝ እንዴ?» አለኝ።

«መረቀችዎት» አልኩት። ዋሸሁ።

ደሙ ቆመ። ቁጥሬ ከአምስት አልፎ ነበር። ዋርፋሪኑን ለሁለት ቀን አስተወኝ፣ እስኪመሽ አጠገቡ አቆየኝ፣ ከዚያ ነገሩን እንደ ተረት አስረዳኝ። ጎመን ውስጥ ከክኒኑ ጋር የሚታገል ነገር አለ። በሁዳዴ ጎመኑ አሸነፈ፤ ስለዚህ ክኒኑን ጨመሩት። በፋሲካ ጎመኑ ጥሎ ሄደ፤ ክኒኑ ብቻውን ቀረ።

«ወልዲያ ላሉት ሐኪም ይህን ነግረሻቸዋል?»

«አልጠየቁኝም።»

«ላብራቶሪ ወረቀት ላይ ጾም አይጻፍም» አለ።

«ታዲያ የሚቀጥለው ጾም ሲገባ ምን ላድርግ?»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «አላውቅም» አለ። «እንዳንቺ ዓይነት ሕመምተኛ ገጥሞኝ አያውቅም። አስተማሪዬ የልብ ሐኪም ናቸው፤ ለእሳቸው ደውዬ ነገ እነግርሻለሁ።»

እዚያው ወሰንኩ። ከታመምኩ ጀምሮ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው «አላውቅም» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤት ስገባ ግን ጦርነት ሆነ።

«ሽበቱን ትተሽ ወደ ለጋው?» አሉ አባቴ።

«አባዬ፣ ሽበት የሚከታተለኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀሚሴ ነጭ ነበር።»

«አላውቅም ያለሽን ሰው ልትይዥ ነው?»

«እርስዎስ ከሚያስተምሯቸው የትኛውን ተማሪ ነው የሚወዱት? አውቃለሁ የሚለውን?»

አባቴ ጢማቸውን ያዙ። ሲሸነፉ ጢማቸውን ይይዛሉ። በመጨረሻ ተስማማን፤ እስከ ፍልሰታ መውጫ ከልጁ ጋር እቆያለሁ። በፍልሰታ ቁጥሩ እንደገና ከወደቀ ግን ያለ ክርክር ወደ አክስቴ ቤት።

በማግስቱ ልጁ ከአስተማሪው ያገኘውን ይዞ እኔንና አባቴን ጠበቀን። ጎመን አልተከለከለም። እንዲያውም በየቀኑ ይበላል፤ ግን ሁልጊዜ ያው መጠን፣ በጾምም በፍስክም፣ አንድ ጭልፋ። ክኒኑ የሚለካው በዚያ ላይ ነው። ቁጥሬን በየሳምንቱ ያያል። የመንገድ ቀን የሽንት ክኒኗን ስደርስ መዋጥ እንደምችልም ፈቀደልኝ፤ አውቶቡሱን ስነግረው ግን ሐኪምነቱን ረስቶ በሳቅ ወደቀ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ።

«አባታችን፣ አንድ ነገር ቢረዱኝ። የዓመቱን ጾም ሁሉ ከነመግቢያው ከነመውጫው ይጽፉልኛል? ምግቧ የሚለወጥበትን ቀን አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ።»

አባቴ በሕይወታቸው ሐኪም ምክር ጠይቋቸው አያውቅም። «የሐዋርያት ጾም ይግባ?» አሉ ድምፃቸውን አወፍረው።

«ሁሉም ይግባ።»

«ረቡዕና ዓርብስ?»

«እነሱም።»

ሦስት ቀን ቆጥረው ጻፉት፤ ጾሙን በጥቁር፣ በዓሉን በቀይ እስክሪብቶ፣ ዳር ዳሩን በሐረግ አስጊጠው። ልጁ ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ «ያ ልጅ» ማለት ትተው «ዶክተራችን» አሉ።

ያ ክረምት የሳቅ ክረምት ነበር፤ ሳቁ ሁሉ በእኔ ላይ። በየክርስትናው፣ በየድግሱ ሰው ሥጋ ሲቆርጥ እኔ ከቦርሳዬ የጎመን ሣህኔን አወጣለሁ። «ኧረ ይቺን ልጅ ማን ገዘታት? በፍስክ ጎመን!» ይላሉ ሴቶቹ። «ዶክተሩ» እላለሁ። «ያ ጢም የሌለው? ክህነት ደግሞ መቼ ተቀበለ!»

ፍልሰታ ሲገባ የምፈራው መጣ። ዝናቡ ሳማ አበቀለ፤ የሳማ ወጥ ደግሞ የጎመን ታላቅ ወንድም ነው። ጎረቤት ሁሉ «ለደምሽ» እያለ በድስት ይልካል። የተላከ ምግብ መመለስ ስድብ ነው። እናቴ በር ላይ ትቀበላለች፣ ትመርቃለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ጭልፋዬን ትለካልኛለች፣ የቀረውን አባቴ ፊት ታስቀምጣለች። አባቴ ከቅዳሴ ወጥተው ሁለት ሱባዔ ሙሉ የሰፈሩን ሳማ ብቻቸውን በሉ። «ለልጄ የምሰዋው ይህን ያህል ከሆነ ቀላል ነው» ይሉ ነበር በመጀመሪያው ሳምንት። በሁለተኛው ሳምንት ዝም ብለው ነው የሚጎርሱት።

ጾሙ በተፈታ ማግስት ላብራቶሪ ሄድኩ። አባቴ ተከተሉኝ፤ እናቴም አልቀረችም። ወረቀቱ ሲወጣ አባቴ ቀድመው ያዙት፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ።

«ሁለት ነጥብ ሰባት። ምን ማለት ነው? መሐል ነው?»

«መሐል ነው፣ አባዬ።»

ላብራቶሪው በር ላይ ቆመው በግዕዝ አመሰገኑ። ዶክተሩ ስነግረው እንደ ልጅ ዘለለ፤ ከዚያ ሐኪም መሆኑ ትዝ አለውና ጋውኑን አስተካከለ። «አንድ ቁጥር ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ሳምንት ደግመን እንይ» አለ። ደገምን። ሦስቱም መሐል።

በመስከረም አዲስ አበባ ቀጠሮዬ ላይ ቀዶ ሕክምና የሠሩልኝ ሐኪም የየሳምንቱን ቁጥር ተራ በተራ አዩት። አጠገቡ ፎቶ ኮፒ ያነሣሁት የአባቴ ጽሕፈት አለ፤ የትኛው ሳምንት ጾም፣ የትኛው ፍስክ። ወረቀቱን አዙረው ሐረጉን ሳይቀር አዩ።

«ይህን የሚሠራልሽ ማነው?»

«ዶክተሬና አባቴ።»

«እዚያው ሁኚ» አሉኝ። «እኔ ይህን ያህል ልከታተልሽ አልችልም።»

አመሻሹን አክስቴ ቤት ደረስኩ። በደስታ እያለቃቀሰች ወደ አንድ ክፍል አስገባችኝ፤ አልጋ ገብቷል፣ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ግድግዳው ሮዝ ተቀብቶ ገና ይሸታል።

«እትዬ» አልኳት፣ «እኔ እኮ ልመለስ ነው።»

አልጋው ላይ ቁጭ አለች። «ሮዝ ያስቀባሁት ለማን ነው ታዲያ?»

«ያምራል።»

«ያምራል ትለኛለች! ተከራይ አስገባበታለሁ፣ እወቂው።»

«አስገቢበት።»

«ወንደላጤ ነው የማስገባው፤ ሮዝ ውስጥ ይተኛ!» አለች። ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ጫማዋን አጥልቃ ተነሣች፤ የነገ ጠዋቱ አውቶቡስ ትኬት ሳያልቅ አብራኝ ልትቆርጥልኝ።