የማክሰኞ ሕመም

ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ሜትር ብሎ ነው የሚጠራው። ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ ላይ የሚያወርደው ሲተኛ ብቻ ነው፤ እሱንም ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ «ደግሞ ትራሱን ልትለካው ነው?» ብላ ካላወለቀችለት ይረሳው ነበር። ሱቁ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብላ፣ በቁልፍ ቀራጩና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ መስኮት አላት፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ ሁለት የስፌት ማሽን። ከሁለቱ ማሽኖች የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። በስተግራ ያለው የሚስቱ ነበር፤ እሷ ከሞተች ወዲህ አበባ የታተመበት ጨርቅ ተከናንቦ ተቀምጧል።

በዚህ ሙያ ያረጀ ሰው የሰው ጀርባ ማንበብ አያቅተውም። ከባድ ቦርሳ የምታንጠለጥለው አስተማሪ አንድ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። ኮምፒዩተር ላይ ተተክሎ የሚውለው የባንክ ሠራተኛ አንገቱን እንደ ኤሊ ወደ ፊት ያስቀድማል። ሾፌሩ ወገቡ ላይ ይታጠፋል። ጋሽ ሜትር ለሁሉም መላ አያጣም፤ ለወደቀው ትከሻ ስፖንጅ ይደርባል፣ ለጎበጠው ጀርባ ከኋላ በኩል ጨርቅ ይለቃል፣ ኮሌታውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። «እኔ የማቃናው ኮት ነው፤ ሰውየውን እናቱ ታቃናው» ይላል። ደንበኛውም ደረቱን ነፍቶ ከሱቁ ይወጣል። ቤቱ ገብቶ ኮቱን ሲያወልቅ ተመልሶ ይጎብጣል፤ ያ እንግዲህ የጋሽ ሜትር ጉዳይ አይደለም።

የራሱን ጀርባ ትለካለት የነበረችው ሚስቱ ናት። ከኋላው ቆማ፣ «ቀጥ በል፤ ሆድህን አትሳብ፤ ማንን ልታታልል ነው?» እያለች ነበር የምትለካው። እሷ ካለፈች በኋላ ለራሱ ኮት ሲሰፋ ብቻውን መስታወት ፊት ሲገላበጥ ቆየና የቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ማለቱን አየ። ለምን ዝቅ አለ ብሎ አልጠየቀም። ለደንበኛ እንደሚያደርገው ሁሉ በቀኙ በኩል ሌላ ስፖንጅ ደረበበት፤ ኮቱ ቀጥ አለ፤ ጉዳዩም በዚሁ የተዘጋ መሰለው።

ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ጀመረው። መጀመሪያ ከቀኝ ጆሮው ሥር ነበር፤ ከዚያ ወደ ትከሻው ወረደና በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሃል ቤት ሠራ። ጠዋት ሲነሣ አንገቱ አልዞርም ይለዋል። መንገድ ላይ ሰው ከኋላ ሲጠራው መላ ሰውነቱን ይዞ ነው የሚዞረው። ቁልፍ ቀራጩ፣ «ጋሼ፣ ሹመት አገኘህ እንዴ? አንገትህን አዙረህ ሰላም ማለት ተውክ!» እያለ ይቀልድበታል። ቅባት ተቀባ፣ ትራስ ቀየረ፣ ትራሱንም ጣለው። በሌላ ከተማ የምትኖረው ልጁ እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ ከጀርባዋ ልጆች ሲንጫጩ ይሰማል። «አባዬ፣ ሐኪም ቤት ሂድ በቃ!» ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሰነበተ። አንድ ቀን ግን የደንበኛ ሱፍ ሲቆርጥ አንገቱን ጨምድዶ ያዘውና መቀሱ ከመስመሩ ወጥቶ ጨርቁን ገመሰው። በዕድሜው ጨርቅ አበላሽቶ አያውቅም ነበር። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ሄደ።

ሐኪሙ አይቶት ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከው። የተቀበለችው ባለሙያ ከልጁ የማትበልጥ፣ ረጋ ያለች፣ ነጭ ጋውኗ ከብብቱ ላይ የጠበባት ሴት ናት። የጋውኑን ስፌት አይቶ በሆዱ ሰፊውን ሲራገም እሷ ወንበር ሳበችለት።

«ጋሼ፣ ሥራ ላይ እንደሚቀመጡት አድርገው ይቀመጡልኝ።»

«እዚህ ማሽን የለም እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«እንዳለ ያስቡት።»

ተቀመጠ። እግሩን የሌለ ፔዳል ላይ አሳረፈ፣ በእጁ የሌለ ጨርቅ መግፋት ጀመረ። እሷ በዙሪያው ዞረች፤ ከኋላው ቆመች፤ እንደገና ዞረች።

«ማሽኑ የት ጋ ነው ያለው?»

«ይኸው፣ ከፊቴ።»

«እግርዎና እጅዎ ከፊት ነው ያለው። ወገብዎና አንገትዎ ግን ወደ ግራ ዞረዋል። በግራ በኩል ምን አለ?»

ጋሽ ሜትር የሌለውን ጨርቅ መግፋቱን ተወ። «ግድግዳ» አለ በመጨረሻ።

«ለግድግዳ ብለው ነው እንዲህ የተጣመሙት?» ብላ ሳቀች። ከዚያ አስረዳችው። ጭንቅላት ቀላል ነገር አይደለም፤ አንገት ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ አጥንት ይሸከመዋል፣ ወደ ፊት ሲደፋ ወይም ወደ አንድ ጎን ዞሮ ሲቀር ግን ሸክሙ በጡንቻ ላይ ይወድቃል። ጡንቻ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ይችላል እንጂ ቀኑን ሙሉ ያዝ ሲሉት ያኮርፋል። ይህን እየነገረችው እጇን ከአንገቱ ሥር አሳረፈች።

ደነገጠ። ፀጉር አስተካካዩን ካልቆጠርነው፣ ከሚስቱ ቀብር ቀን ወዲህ የሰው እጅ አርፎበት አያውቅም። በአውራ ጣቷ የተቋጠረውን ቦታ ስትጫነው ዐይኑ እንባ አቀረረ።

«አመመዎት?»

«ትንሽ» አላት። አላመመውም ነበር።

ሱቁ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ወንበሩን አየው። እውነቷን ነው፤ ወንበሩ ከማሽኑ ጋር ፊት ለፊት አይደለም። ወደ ግራ ያዞረው ራሱ ነው፣ ገና ሁለቱ ሱቁን የከፈቱ ሰሞን። ሚስቱ ወሬ ትወዳለች፤ ስታወራ ካላዩዋት ደግሞ ትቀየማለች። «ጆሮህንማ ለሬዲዮውም ትሰጠዋለህ፤ እኔን እየኝ!» ትል ነበር። እሱም ሥራውንም እሷንም ላለማጣት ወንበሩን ዘወር አደረገው፤ እግሩ ለፔዳሉ፣ ፊቱ ለሷ። ዘመኑን ሁሉ እንዲህ ሆኖ ሰፋ። ያኔ አላመመውም፤ አፍታ መቼ ትሰጠዋለች? «ክር አቀብለኝ»፣ «ካውያውን ነቅለኸዋል?»፣ «ቀና በል፣ ጎበጥክ!» እያለች ቀኑን ሙሉ ስታስነሣውና ስታስቀምጠው ነበር የምትውለው። አሁን የሚያስነሣው የለም። ጠዋት እንደተቀመጠ፣ ጨርቅ ወደ ተከናነበው ማሽን እንደዞረ ይመሽበታል።

ባለሙያዋ በየሳምንቱ ማክሰኞ እንዲመጣ አዘዘችው። ወንበሩን እንዲያስተካክል በመጀመሪያው ማክሰኞ ነገረችው፣ በሁለተኛውም ደገመችለት፤ እሱ «እሺ» ብሎ ይወጣል፣ ወንበሩ ባለበት ይገኛል። በሦስተኛው፣ «ወጌሻዬ፣ ነገ አደርገዋለሁ» አላትና ቃሉን ላለማጠፍ አደረገው። ወንበሩን ከማሽኑ ጋር አጋጠመ። ማሽኑን ሥሩ ጣውላ ገጥሞ ከፍ አደረገው። ባለሙያዋ እንዳስተማረችው፣ ስልኩ ላይ የሞላው ደወል በጮኸ ቁጥር ተነሥቶ ግድግዳ ይደገፋል፤ ተረከዙን፣ ጀርባውን፣ የራስ ቅሉን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ፣ አገጩን ወደ ውስጥ ስቦ ይቆማል። ቁልፍ ቀራጩ አይቶት፣ «ጋሼ፣ ማን ነው ያሰረህ?» አለው።

አሁን ሲሰፋ ፊቱ ያለው ወደ መስኮቱ ነው። ሱቋ ከመንገዱ ዝቅ ስለምትል በመስኮቱ የሚታዩት የአላፊ አግዳሚው እግሮች ብቻ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግራ ጎኑ ይበርደው ነበር፤ ሹራብ ደረበ፣ ሹራቡም አልረዳውም። አንዳንዴ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ ሊያወራ ወደ ግራ ይዞራል፤ አንገቱ አሁን በደንብ ይዞርለታል፣ ያ ነው የሚያበሳጨው። ሚስቱን ሁለተኛ የቀበራት መሰለው፤ የዚህኛው ቀብር ቆፋሪ ደግሞ ራሱ ሆነ።

ሕመሙ ለቀቀው። እንደ አመጣጡ በቀስታ ሳይሆን አንድ ጠዋት ተነሥቶ ሲፈልገው አጣው። ቢሆንም ማክሰኞ ሲደርስ ተላጨ፣ ሸሚዙን ተኮሰ፣ ሄደ። እዚያ ክፍል ውስጥ ገና ሲገባ ባለሙያዋ «ጋሼ፣ ሳምንቱ እንዴት ነበር?» ትለዋለች። ስለ ቁልፍ ቀራጩ ቀልድ ይነግራታል፣ ትስቃለች። ጀርባውን ታውቀዋለች፤ የትኛው ቦታ እንደሚቋጠር እሱ ሳይነግራት ጣቷ ይሄዳል። ሳምንቱን ሙሉ የሚያጠራቅመው ወሬ ለዚያች ግማሽ ሰዓት ነው። «አሁንስ እንዴት ነው?» ስትለው «ተሻለኝ» ሊል አፉን ከፈተና፣ «ትንሽ ይቆረጥመኛል» የሚል ወጣው።

ከዚያ ወዲያማ ዐይኑን በጨው ታጥቦ ነው የሚዋሸው። ረቡዕ እንደ ጎረምሳ ይራመዳል፣ ሐሙስ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል፤ ማክሰኞ ሲነጋ ግን አንገቱ ይንጋደዳል፣ ወገቡን ይይዛል፣ «እህ! እህ!» ይላል። የሚፈርድበት ካለ ይፍረድበት፤ መጀመሪያ ግን ከማንም ጋር ሳይነጋገር አንድ ሳምንት ይዋል።

ኮሪደሩ ላይ ሁልጊዜ ተራ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። አንዲት ልብስ አጣቢ አለች፣ ወገቧ መቀመጥ ስለከለከላት ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጎንበስ ብላ የምትጠብቅ። ቀጠሮ ከያዘችበት ቀን በፊት ክፍት ቦታ ይገኝ እንደሆነ ብላ ነው የምትመጣው። ጋሽ ሜትር በፊቷ ሲያልፍ አይቶ እንዳላየ ይሆናል።

አንድ ማክሰኞ ሲጨርሱ ባለሙያዋ ኮቱን ከማንጠልጠያው አውርዳ አለበሰችው። የሚስቱ ልማድ ነበር። እሷ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ አየችውና ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ ኮትዎ ጠሟል እኮ! ቀኙ ከፍ ብሏል። ማን ነው የሰፋልዎ?»

ሌላ ነገር ብትለው ይችለው ነበር። «ማን ነው የሰፋልዎ?» ስትለው ግን ደሙ ፈላ። «እኔ ነኝ የሰፋሁት! እኔ ጠማማ ኮት ሰፍቼ አላውቅም፣ የኔ ልጅ። ይሄ ኮት ትከሻዬ በወደቀ ጊዜ በልኩ የተሰፋ ነው። አሁን ትከሻው ተነሣና ነው እንጂ ኮቱማ...»

እጅ ከፍንጅ ተያዘ፣ ያውም በገዛ አፉ።

«መቼ ነው የተነሣው?» አለችው ቀስ ብላ።

«ቆይቷል።»

«ሕመሙስ?»

«እሱም ቆይቷል።»

የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ያለው ቁጣ ነበር። «ጋሼ፣ ውጭ የቆሙትን ሰዎች አይተዋቸዋል? ቦታ የለም እያልኩ የምመልሳቸውን?»

«አይቻቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

ብዙ ነገር ሊላት ይችል ነበር። ስለ ወንበሩ፣ ግድግዳ ነው ብሎ ስለዋሻት ነገር። ከዚያ ሁሉ፣ «ማክሰኞ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነው ሰኞን የምችለው» አለ። ወዲያው አፈረ። ነጠላ ክር ከእጅጌው ላይ እየለቀመ መሬት መሬቱን አየ።

ቁጣዋ በረደ። ተነሥታ ኮሌታውን፣ ምንም ባይጎድለውም፣ አስተካከለችለት። ግን የምትለው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ኮሪደሩ ሞልቷል፣ እሷ ደግሞ አንድ ናት።

«ስለዳኑ ደስ ብሎኛል፣ ጋሼ። እንቅስቃሴውን እንዳያቋርጡ። ከእንግዲህ የሚመጡት ካመመዎት ነው።»

ጋሽ ሜትር የበሩን እጀታ ይዞ ቆመ።

«ካላመመኝስ?»

ስለ አንገት፣ ስለ ወገብ፣ ስለ አቀማመጥ ምንም ይጠይቃት፣ ታውቃለች። ይኼኛውን ግን ማንም አላስተማራትም። በሩ ከውጭ ተንኳኳ።

ከፈተው። አጣቢዋ ናት፤ አንድ ተረኛ ስለቀረ ነርሷ ቦታ ተገኘ ብላት ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ የደረሰችው። ጋሽ ሜትር በሩን ይዞላት ወደ ጎን ቆመ፣ እንደተማረው ትከሻውን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ውስጥ አድርጎ። ሴትዮዋ ካጎነበሰችበት ቀና ማለት ስላልቻለች ከታች ወደ ላይ አንጋጣ አየችው።

«እሰይ! እርስዎስ ተገላገሉ» አለችው።