ዙለይካ ለጤና ጣቢያው የሰጠችው ነጥብ

እኅቴ ዙለይካ ቡሬ ገበያ በርበሬና ጨው ትሸጣለች። ከአጠገቧ የማትጠፋው ልጇ ራጂያ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለባት። ኪኒኗን በየቀኑ ከዋጠች እንደ ማንኛውም ልጅ ናት። ኪኒኑ ከቀረ ግን የት እንደምትወድቅ አይታወቅም። ስለዚህ ሠርግም ለቅሶም አብረው ነው የሚሄዱት።

አምና ጤና ጣቢያው ከታካሚው አሥር ሰው አስመረጠ። እነዚህ አሥሩ በየሦስት ወሩ ተሰብስበው ስለ ካርድ ክፍሉ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ መድኃኒቱ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ነጥቡ ወደ ወረዳ ይሄዳል። ዙለይካን የመረጧት አንደበቷን አይተው ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ሲደርስ ኪኒኑ ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ከግል መድኃኒት ቤትም የለም።

"ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ሳቢራ" ብላኝ ገባች። እኔ ራጂያን ይዤ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ።

ነጥቡ የሚሰጠው እጅ በማንሣት ነው፤ ሠራተኞቹም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከነሱ መካከል ሲስተር ፍሬሕይወት አለች። የራጂያን ሕመም መጀመሪያ ያወቀችልን እሷ ናት። ጸሐፊው "መድኃኒት፣ ከአምስት አምስት የምትሰጡ?" አለ። ዙለይካ ሲስተርን አየቻት። እጇንም አነሣች።

ስትወጣ አላስቻለኝም። "ገበያ ላይ ደላላውን ሁሉ አፍ የምታስይዢው፣ እዚህ ምላስሽን ማን ቆረጠው?"

"ፊቷ ላይ እንዴት ዜሮ ልስጣት? ሰው አይደለሁም?"

ሲስተር ከኋላችን ደረሰች። "ምነው ዙለይካ፣ ጉድ ሠራሽኝ! መድኃኒቱን ላኩ ብዬ ለወረዳ ስጽፍ 'ታካሚው ሳይጮኽ አንቺን ምን አስጮኸሽ' ይሉኛል። ዜሮ ትሰጫለሽ ብዬ አንቺን ነበር የጠበቅሁ።"

"ለአንቺ ብዬ እኮ ነው፣ ሲስተር።"

"ለእኔ ብለሽ ልጅሽን?"

ዙለይካ ሮጣ ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ደጀኔ ገባች፤ ነጥቤ ይሰረዝልኝ አለች።

"እናቴ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመዋል። እንግዲህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ወር ይጠብቁ።"

ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄደን የሁለት ሳምንት ኪኒን አገኘን። እሱም አለቀ። አንድ ጠዋት ዙለይካ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ራጂያ ምድጃው ላይ ወደቀች። ቀኝ እጇ ተቃጠለ፤ ሦስት ጣቶቿ ተጣብቀው ቀሩ። ዙለይካ አላለቀሰችም። "ያቃጠልኳት እኔ ነኝ" አለች። አይደለሽም ልላት ፈልጌ ነበር፤ አፌ እንቢ አለኝ።

ለሁለተኛው ስብሰባ ልጇን ይዛ ገባች። የመድኃኒቱ ተራ ሲደርስ ተነሣች።

"ዜሮ ነው። ኪኒን የለም። እጇ ይኸው።"

ከዚያ ከአሥሩ አንዱ፣ ጋሽ የሽዋስ የሚባሉት ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ልጄ፣ እግዜር ይማርልሽ። ግን እነዚህ ልጆች ቀን ከሌት ይለፋሉ፤ እንዴት ፊታቸው ላይ…"

"የእርስዎ የስኳር መድኃኒትስ መጣ፣ ጋሼ?"

"እሱስ አልመጣም። ቢሆንም…"

ጸሐፊው እንደ በፊቱ ከአምስት አምስት የሚሰጡትን ጠየቀ። ዘጠኝ እጅ ተነሣ። ሲስተር ፍሬሕይወት ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ዙለይካ ዘጠኙን አንድ በአንድ አየቻቸው። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። በማናቸው ትቆጣ?

"በአብላጫ ድምፅ፣ አምስት" ብሎ ጸሐፊው ጻፈና ወረቀቱን ለፊርማ አዞረ። ዙለይካ አልፈረመችም። ወረቀቱም ያለ እሷ ፊርማ ወደ ወረዳ ሄደ።

ራጂያ ትናንት ሁለት ጊዜ ወደቀች።