ጀልባዋ የተገለበጠችበት እሑድ

እሸቴ ሚስቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የመታት ካርቱም እያሉ ነው፤ ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ። እታፈራሁ ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ስደቱ ነው፣ ሙቀቱ ነው፣ የአሜሪካ መሄጃው ፕሮሰስ ሲያልቅ ይሻለዋል ብላ አለፈችው። ፕሮሰሱ አልቆ በፈረንጆቹ 1989 ሚኒያፖሊስ ገቡ፤ እሱ ግን አልተሻለውም። በመጀመሪያው የበረዶ ወራት በጥፊ መትቶ ሁለት ጥርሷን አነቃነቀ። በሁለተኛው በሩን ቆልፎ በቀበቶ ገረፋት። ብሩክሊን ሴንተር ያለው አፓርትመንታቸው ግድግዳው ስስ ስለነበረ እየተመታች ድምፅ አለማሰማትን ተማረች። ጎረቤት ሰምቶ ፖሊስ ቢጠራ ውርደቱ የእሷ ይመስላት ነበር። ሥራ ቦታ ፊቷ አብጦ ስትገባ በረዶ አዳልጦኝ ነው ትላለች። አንድ ጊዜ ሳታስበው ይህንኑ በጁላይ፣ በበጋው ሙቀት ብትናገር፣ የሥራ ባልደረባዋ ዛሂዳ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዛሂዳ የደሴ ልጅ ናት። የምትኖረው ኢገን በምትባል ጎረቤት ከተማ ነው፤ የምትሠራው ግን ከእታፈራሁ ጋር ሴንት ፖል ባለ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ላይ ነው። በዚያ ፎቅ ጥግ ክፍል ውስጥ ኖርማን የሚባል የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ድልድይ ሲበይድ የኖረ፣ ትከሻው በዚያ ዕድሜው እንኳን ቁም ሣጥን የሚያህል ሰው ነው። እጆቹ ግን ይንቀጠቀጣሉ፤ ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ሾርባው ደረቱ ላይ ያልቃል። አልጋው አጠገብ አረንጓዴ የዓሣ ማጥመጃ ሳጥን አለው። አንድ ቀን እታፈራሁ አጥባው ስትጨርስ፣ ሳጥኑን አስከፈታትና የእርሳስ ጭንቅላት ያላት ትንሽ መንጠቆ እና የጣት ግማሽ የምታህል ለስላሳ የላስቲክ ዓሣ መዳፏ ላይ አስቀመጠ። ላስቲኳን ለመንጠቆዋ አልብሺያት አላት።

አለበሰቻት። ኖርማን ጠማማ ናት ብሎ መለሰላት። ጠማማ የሆነች ላስቲክ ውኃ ውስጥ ትሽከረከራለች፤ ክሩን ትገምዳለች፤ ክራፒ የሚባለው ዓሣ ደግሞ የምትሽከረከር ነገር አይነካም። መጀመሪያ ላስቲኳን ከመንጠቆዋ ጎን አስተኝቶ መለካት፣ ጫፉ የሚወጣበትን ቦታ በጥፍር ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ በአፍንጫዋ መሀል ለመሀል አስገብቶ፣ በሆዷ ውስጥ ቀስ አድርጎ አሳልፎ፣ ምልክቱ ላይ በጀርባዋ ማውጣት ነው። አንገቷ ከእርሳሱ ጋር ገጥሞ፣ ጅራቷ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ተሳካ ማለት ነው። እታፈራሁ ያን ሳምንት ሠላሳ ያህል አበላሸች። በሚቀጥለው ሳምንት ኖርማን አንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ በሚንቀጠቀጥ እጁ ለረጅም ጊዜ ሲያያት ቆየና፣ ይህቺ ትዋኛለች አለ።

ሌላውንም በወሬ አስተማራት። በረዶው ቀልጦ ውኃው ሲከፈት ክራፒ ታች ጭቃው ላይ አይተኛም፤ መሀል ውኃ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ ነው የሚያየው። ስለዚህ ላስቲኳን ከበታቹ ሳይሆን ከበላዩ ማቆም ነው። አፉ እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ በኃይል የሳበ ሰው አፉን ቀዶ ያጣዋል። እታፈራሁ የማጥመጃ ላይሰንስ አወጣች፤ ዘንግ ገዛች። ሥራዋ ከሰዓት በኋላ ስለሚያልቅ፣ እሸቴ ከታክሲ ሥራው እስኪመለስ ባሉት ሁለት ሰዓታት ከአፓርትመንቱ በእግር ወደሚደረስበት ሐይቅ ሄዳ የእንጨቱ የጀልባ መቆሚያ ላይ ትቀመጣለች። ማንም አይጮህባትም። ክሩ ላይ የምትመጣው ንክኪ በጣት ጫፍ እንደሚሰማ የልብ ትርታ ያለች ናት፤ እሷን ስትጠብቅ ሌላ ነገር ማሰብ አትችልም ነበር።

ዓሣውን ጠብሳ ስታቀርብ እሸቴ ይበላል። ከየት እንደመጣ የጠየቀው በ1996 ሜይ ወር ውስጥ ነው። ከሥራ ቀደም ብሎ ገብቶ፣ የኪችኑ ጠረጴዛ ላይ ላስቲኮቿን ደርድራ ስታለብስ አገኛት። ማን አስተማረሽ አላት። ኖርማን የሚባል አልጋ ላይ ያለ ሽማግሌ ነው አለችው።

እሸቴ ከፊቷ ተቀመጠ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ስንት ጊዜ ሽማግሌው ክፍል እንደምትገባ፣ በሩን ትዘጋ እንደሆነ፣ ገላውን የምታጥበው እሷ እንደሆነች ጠየቃት፤ ሁሉንም መለሰችለት፤ ሥራዬ ነው አለችው። የግራ እጇን አንጓ ይዞ ጠረጴዛው ላይ አጣበቀው። ላስቲክ ያለበሰቻትን መንጠቆ አንሥቶ መዳፏ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር ካለው ሥጋ ላይ አቆማትና በክብደቱ ተጫናት። መንጠቆዋ እስከ ጎባጣዋ ገባች። እታፈራሁ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። እሸቴ ተነሥቶ እጁን ታጠበና ራት አቅርቢ አላት።

በአንድ እጇ አቀረበች። ኢመርጀንሲ ብትሄድ ማን አደረገው ብለው ይጠይቋታል ብላ መዳፏን በፎጣ ጠቅልላ አደረች። ጠዋት ሥራ ስትገባ ኖርማን ፎጣውን አስፈታት። መንጠቆ ሰው እጅ ውስጥ ሲገባ ብዙ አይቷል፤ ጫፏ ላይ ወደ ኋላ የተቀለበሰች እሾህ ስላለች ዝም ብሎ መሳብ ሥጋ መቅደድ ነው። ዛሂዳን አስጠራና እሱ እየነገራት ጠንካራ ክር በመንጠቆዋ ጎባጣ ላይ አስጠመጠማት፤ የመንጠቆዋን ራስ ወደ ታች ተጭና ክሩን በድንገት እንድትመነጭቅ አደረገ። መንጠቆዋ ወጥታ ግድግዳውን መታች። ኖርማን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዛሂዳ ደሙን ጠርጋ ስትጨርስ፣

«በረዶ ነው?» አለቻት።

«እሸቴ ነው» አለች እታፈራሁ። ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ዛሂዳ የዚያኑ ዕለት ከሺፍት በኋላ ኢገን ይዛት ሄደች። የዛሂዳ ባል ያህያ ምንም ሳይጠይቅ የልጆቹን ክፍል ለቀቀላት። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሽማግሌዎች መጡ። የሚመሯቸው አቶ አክሊሉ ነበሩ፤ እድሩን ያቋቋሙ፣ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው፣ እሳቸው ያስታረቁት ትዳር ፈረሰ ሲባል ያልተሰማ ሰው። እሸቴ አብሯቸው መጥቶ ጉልበቷ ላይ ወደቀ። አለቀሰ። አቶ አክሊሉ እጇን ይዘው እሳቸው ዋስ እንደሚሆኑ ነገሯት። እሸቴ ከእንግዲህ ዓሣ ማጥመዱን እንኳን እንደማይከለክላት፣ እንዲያውም አብሯት እንደሚሄድ ቃል ገባ። ሁሉም ይህን ወደዱለት። ዛሂዳ ብቻ ኪችን ገብታ አልወጣችም። እታፈራሁ ተመለሰች።

ጁን ላይ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እሸቴ ቃሉን ሊፈጽም ጀልባ ተከራየ። ሁለት መቅዘፊያ ያላት ትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ ናት። እታፈራሁ ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬቷን አጥልቃ እስከ አንገቷ ዘጋች፤ እሱ የራሱን አጥፎ ተቀመጠበት። ሁለቱም ዋና አይችሉም። መሀል ላይ ሲደርሱ እሱ መቅዘፉን አቆመ፤ እሷ ነጭ ላስቲክ አልብሳ ክሯን ለቀቀች። ሩቅ ላይ ሁለት ሰዎች ያሉባት ባለሞተር ጀልባ ነበረች። ሌላ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛውን ክራፒ ስታወጣ ሳታስበው ፈገግ አለች። እሸቴ ያየው ያንን ነው።

«እሱን እያሰብሽ ነው» አላት።

እታፈራሁ ሳቀች። ማንኪያ መያዝ የማይችል ሰው ነው፣ ዳይፐር የምቀይርለት ሰው ነው አለችው። ይህን ሁሉ ዓመት ሳትመልስለት ቆይታ፣ የሳቀችው እዚያ ጀልባ ውስጥ ነው፤ ለምን እንደሆነ በኋላም ልትናገር አልቻለችም። እሸቴ መቅዘፊያውን ከመያዣው ነቀለው። የመጀመሪያው ምት ግራ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ከአንገቷ ሥር ያለው አጥንት ሲሰበር ድምፁን በጆሮዋ ሰማችው፤ ደረቅ እንጨት እግር ሥር ሲሰበር ይመስል ነበር። የጀልባዋ ወለል ላይ ተደፋች። ሁለተኛው ጀርባዋ ላይ ነበር፤ ጃኬቱ ያዘላት። ለሦስተኛው፣ ጭንቅላቷን ለማግኘት፣ እሸቴ ብድግ ብሎ ቆመ። ትንሽ ጀልባ ውስጥ ሰው አይቆምም። ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ዘንበል አለችና ሁለቱንም ደፋቻቸው።

ጃኬቱ እታፈራሁን ወደ ላይ መለሳት። በቀኝ እጇ የተገለበጠችውን ጀልባ ጠርዝ ያዘች፤ ግራ እጇ የእሷ አልመስላት አለ። እሸቴ ከእሷ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ውኃውን በመዳፉ ይመታል። ጠለቀ፤ ወጣ። ዓይኖቹ ተከፍተው ነበር።

«እታፌ» አላት።

በዚህ ስም ጠርቷት አያውቅም ነበር፤ ከሠርጋቸው ወዲህ። መቅዘፊያው፣ ያ የመታት መቅዘፊያ፣ ከክርኗ አጠገብ ይንሳፈፋል። ልትገፋው ትችላለች። አልገፋችውም። እሸቴ እንደገና ጠለቀ፤ ሲወጣ አፉ ውኃ ሞልቶ ነበርና ስሟን ሊጨርስ አልቻለም። እሷ ዝም ብላ አየችው። ካርቱምን አሰበች፣ ቀበቶውን አሰበች፣ ከዚያ ምንም አላሰበችም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰምጥ የራሱ አናት ብቻ ይታይ ነበር። ያን ጊዜ ጀልባዋን ለቀቀችና መቅዘፊያውን በቀኝ እጇ ወደ እሱ ገፋችው። ጣቶቹ መቅዘፊያውን ሲጨብጡ አየች። አዝና እንደሆነ ዛሂዳ በኋላ ስትጠይቃት፣ አላዘንኩም፣ እጄ ነው የገፋው አለቻት።

ባለሞተሯ ጀልባ ደርሳ ሁለቱንም አወጣቻቸው። ዳር ላይ ፖሊስ ሲመጣ እሸቴ ውኃ እያስመለሰ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ገፍታ ጣለችኝ፣ ልትገድለኝ ነው አለ። ሁለቱ አጥማጆች ግን መቅዘፊያውን ሁለት ጊዜ ሲያነሣ ከሩቅ አይተዋል፤ ያዩትን ተናገሩ። ፖሊሷ የእታፈራሁን ሸሚዝ ከትከሻዋ ገለጥ አድርጋ አየች። እሸቴን ከእነ እርጥብ ልብሱ በካቴና አሰረችው።

በማግስቱ አቶ አክሊሉ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆስፒታል መጡ። አጠገቧ ተቀምጠው ስለ ትዳር፣ ስለ ባዕድ አገር ፍርድ ቤት፣ ስለ ሐበሻ ስም ተናገሩ። ሰውየው ሐይቁን ጠጥቷል፣ ቅጣት ይበቃዋል፣ ክሱ እንዲቀር ቃልሽን አንሺ አሏት። እታፈራሁ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ጋሼ አክሊሉ፣ ያን ጊዜ እጄን ይዘው ወደ ቤት የመለሱኝ እርስዎ ነዎት» አለች። «አሁን የቀረኝ የትኛው አጥንት ነው? እሱንም ይንገሩኝና ልስጥዎት።»

አቶ አክሊሉ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ከዚያ በኋላ የከተማው ሐበሻ ለሁለት ተከፈለ። በቤተ ክርስቲያን ሴቶች ከአጠገቧ ፈቀቅ ይላሉ፤ ባሏን ልታሰጥም የነበረችው ይሏታል። በችሎቱ ቀን እታፈራሁ ከዛሂዳ ጋር ገብታ ስትቀመጥ የእሸቴ ወገኖች ያኛውን ጎን ሞልተውት ነበር። አቶ አክሊሉ ዘግይተው ገቡ፤ በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ መጥተው ከእሷ ኋላ ተቀመጡ። እሸቴ ስምንት ወር ተፈረደበት፤ ወደ እሷ እንዳይቀርብም ትእዛዝ ወጣ። ሲፈታ ዳላስ ሄደ ተባለ።

ኖርማን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሞተ። ስለ ጀልባዋ ስትነግረው በመጀመሪያ የጠየቃት የላስቲኳን ቀለም ነበር፤ ቀጥሎ፣ ጃኬቱን በመልበሷ እጇን ይዞ አመሰገናት። እታፈራሁ ሴንት ፖል ትንሽ ቤት ተከራየች፤ ማታ ማታ ተምራ ነርስ ሆነች። በብርድ ቀን ትከሻዋ እስኪሞቅ ድረስ መኪናዋን ድራይቭ ማድረግ አትችልም ነበር።

በ1999 የሕማማት ሳምንት አንድ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። እሸቴ ነበር። ቁጥሯን ከየት እንዳገኘው አልተናገረም። ማግባቱን ነገራት፤ ሴት ልጅ ተወልዳለታለች። ለበዓል ብለሽ ይቅር በይኝ አላት።

«እናቷን ትመታለህ?» አለችው።

እሸቴ ስልኩን ዘጋው።

እታፈራሁ ያን ቀን ሥራዋን ሠርታ ገባች፤ ግን ምሳም ራትም አልበላችም። ከዚያ ዳላስ ያሉ ሰዎችን፣ የሰዎችን ዘመዶች፣ የዘመዶችን ጓደኞች ስትጠይቅ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀባት። አዲሷ ሚስቱ ባየሽ እንደምትባል፣ የቤታቸውን ስልክ ቁጥርና እሸቴ ከቤት የሚወጣው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ አወቀች። በዚያ ሰዓት ደወለች። ስሟን ተናገረች፤ የእሸቴ የድሮ ሚስት መሆኗን ተናገረች፤ ክፉ ነገር ልታወራ እንዳልደወለች፣ የራሷን ስልክ ቁጥር ብቻ ልትሰጣት እንደሆነ ነገረቻትና አሥሩንም ቁጥር ቀስ እያለች ሁለት ጊዜ አነበበችላት። በስልኩ ውስጥ ሕፃን ታለቅሳለች። ባየሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ከሥራ የምትገቢው በስንት ሰዓት ነው?» አለች።